መስታወቱ ወለሉን ያደበዘዘ ጊዜ

የሚስቴን ወንድም ሰፈሩ «መስታወቱ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ጠጠርና ሲሚንቶ ተደባልቆ የሚፈስበትን ወለል፣ ቴራዞ የሚሉትን፣ እየፈጨና እያለሰለሰ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ያበራዋል። እሱ ራሱ ከወጣትነቱ ጀምሮ መላጣ ስለሆነ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ «ሥራውን የጀመረው ከራሱ ነው» እያለ ይቀልድበታል። መስታወቱ አይቀየምም። እንዲያውም አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ቆቡን አውልቆ አናቱን በመዳፉ ያሽና «ናሙናው ይኸው» ይላል።

ስላበራቸው ወለሎች ብዙ ይወራል። እኔ የምጽፈው ስላደበዘዘው ነው።

ሲሠራ ለማየት ብዙ ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ። ወለል የሚፈጨው በውሃ ነው፤ በደረቁ ከሆነ አቧራው ሳንባ ይጨርሳል፣ መፍጫውም ይቃጠላል። በሻካራው ድንጋይ ይጀምርና ጠጠሮቹ ተቆርጠው ሆድ ዕቃቸው እስኪታይ ይፈጫል። የሚወጣውን ነጭ ጭቃ በጎማ መጥረጊያ ገፍቶ ያጥባል። ከዚያ ተንበርክኮ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ሲፈስ አየር ይዞ ስለሚቀር እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀዳዳዎች አይጠፉም። እነሱን በዚያው ቀለም በተበጠበጠ ሲሚንቶ ይደፍናል፣ እስኪጠና ይታገሣል፣ ለስለስ ባለ ድንጋይ ይመለስበታል። ድንጋዩ እየለሰለሰ በሄደ ቁጥር ወለሉ ከእንቅልፉ እየነቃ ይመጣል። በመጨረሻ ሰም ስስ አድርጎ ይቀባና ሁለት እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ከግድግዳ ግድግዳ እየተንሸራተተ ይወለውለዋል፤ ያን ጊዜ ያፏጫል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «እየጨፈረ እንጀራ የሚበላ ወንድም ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ትል ነበር።

ስንጥቅ ሲያጋጥመው ግን ፉጨቱ ይቆማል። ስንጥቁን በመሮ ይከፍትና ከአፉ ይልቅ ሥሩ ሰፋ እንዲል አድርጎ ይፈለፍለዋል፣ የጥርስ ሐኪም እንደሚያደርገው። አቧራውን በቡሩሽ ያወጣል፣ ያረጥበዋል፣ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጠጠርና ሲሚንቶ ይጠቀጥቅበታል። ጓሮው በጣሳ የተሞላው ለዚህ ነው። ከሠራው ወለል ሁሉ የተረፈውን ጠጠር በጣሳ ያስቀምጣል፤ አንዱ ጣሳ ሲጠፋበት ቤቱን ይበጠብጣል። አብረውት ለሚሠሩት ሁሉ የሚደጋግመው አንድ ነገር አለ፤ «እርጥብ ሲሚንቶ ውሸታም ነው።» እርጥቡ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት በጥብጦ ጣውላ ላይ ያደርቃል፤ የደረቀውን ከደረቀው ወለል ጋር አስተያይቶ ልቡ ካልሞላ በቀር እጁን አይሰነዝርም።

የራሱን ሳሎን ወለል ያፈሰሰው ሊያገባ ሲል ነው። መደቡ ግራጫ፣ ጠጠሩ ነጭና አረንጓዴ ነው። ዙሪያውን ደግሞ ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ስንዝር የሚሰፋ ጥቁር መስመር ይዞረው ነበር። መስታወቱ ሱቅ የለውም፤ ማስታወቂያ ለጥፎ አያውቅም። ደንበኛ ሲመጣ ሳሎኑ በር ላይ ያቆመውና ዝም ይላል። ሰውየው የመስኮቱን መጋረጃ ከነአበባው ወለሉ ውስጥ ተዘቅዝቆ ያየዋል። ከዚያ «መቼ ትጀምርልኛለህ?» ማለት ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። «መርፌ ሲጠፋብኝ ሁለት አገኛለሁ» ትላለች፣ አንዱ ራሱ መርፌው፣ ሌላው ወለሉ ላይ ያለው መልኩ መሆኑ ነው።

የእሱና የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እናትና ልጅ ቀኑን ሙሉ ስለ ጨው መብዛትና ስለ መስኮት መከፈት ሲጨቃጨቁ ይውሉና ማታ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። እማማና እኔ ቀረን። ጠዋት ሻይ አፈላለሁ፣ ዳቦ እቆርጣለሁ፣ ብርጭቆ አወርዳለሁ። ሦስት አውርጄ አንዱን የመለስኩባቸው ጠዋቶች ነበሩ።

ችግሩ ቀኑ ነው። እኔ ሥራ ስሄድ ብቻቸውን ናቸው፣ ዓይናቸውም እየደከመ መጥቷል። አንድ ቀን ስመለስ ባዶ ድስት ምድጃው ላይ ግሎ አገኘሁ። ያን ዕለት ከመስታወቱ ጋር ተነጋገርን። ልብስ ሰፊዋ ቤት ስለምትውል እዚያ ይሻላቸዋል አልን። እማማም «የልጄ ቤት ነው፤ የባዳ ቤት አይደል» ብለው ተስማሙ። መስታወቱ በደስታ የሚሆነውን አጣ። ለእናቱ መምጫ ብሎ ሳሎኑን እንደገና ፈጨ፣ ሰም ቀባ፣ ወለወለ። እንደዚያ አብርቶ አያውቅም።

ሻንጣቸውን ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። እማማ ሳሎኑ በር ላይ ደርሰው መቃኑን ያዙ። ወደ ታች አዩ። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ወደ ታች አዩ።

«ግቢ እንጂ እማዬ» አላቸው፣ ፊቱ እንደ ወለሉ እያበራ።

«ቆይ፣ ትንሽ አየር ልውሰድ» አሉና በረንዳው ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡ።

አየሩን ወሰዱ፣ ወሰዱ፣ አልጨርስ አሉ። ራቱም እዚያው ቀረበላቸው። ሲመሽ በጓሮ ዞረው፣ በወጥ ቤቱ በር ገብተው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ወጥ ቤቱና መኝታ ቤቱ ተራ ሊሾ ነው፤ መስታወቱ «እንግዳ አያየውም» ብሎ ሳያበራው የተወው።

ነገሩ በዚያው ልማድ ሆነ። ቁርስ በረንዳ፣ ምሳ በረንዳ። ከወጥ ቤቱ ወደ በረንዳው ለመምጣት በሳሎኑ ማለፍ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ቤቱን ከጀርባ ዞረው፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ጎንበስ ብለው አልፈው ይመጡ ነበር። ጎረቤት «እማማ፣ ጥበቃ ተቀጠሩ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድባቸው «አዎ፣ ሌባ እንዳትሆን እያየሁህ ነው» ይሉታል። ሳሎኑን ግን አንድም ቀን አልረገጡትም።

ልብስ ሰፊዋ ሆድ ባሳት። አንድ ቀን ሸሚዜን ላስጠግን ስሄድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ አንተ ቤት ሳሎን ይቀመጡ ነበር?» አለችኝ።

«ይቀመጡ ነበር።»

«ከእኔ ጋር ነው እንግዲህ። እኔ ያለሁበት አይገቡም። እዚህ ስሰፋ ከበር ላይ ያዩኛል፣ ያዩኛል፣ ይመለሳሉ። ምን በድያቸው ነው?»

መስታወቱ ደግሞ የራሱ ምክንያት ነበረው። «ያዳልጣል ብላ ነው» አለና ከሥሩ ጎማ ያለው ነጠላ ጫማ ገዛላቸው። እማማ መርቀው ተቀበሉት፤ አድርገውት በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ ከበሩ እስከ ወንበሩ የሚደርስ ረጅም ምንጣፍ አምጥቶ አነጠፈ። እማማ በሩ ላይ ቆመው ምንጣፉን በሐዘኔታ አዩት።

«ጥሩ ምንጣፍ ነው» አሉ። «አንሱት፣ ይበላሻል።»

ክረምቱ ቀርቦ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ወደ ቤታችን ውሰደኝ።»

«ቀኑን ብቻዎን ይሆናሉ እኮ እማማ።»

«ብቻዬን መሆን አውቅበታለሁ። ዝናቡ ከጀመረ እዚህ መቀመጥ አይሆንልኝም። ካልወሰድከኝ በእግሬ እመጣለሁ።»

«በእግር ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ቢሆንም ደረቅ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። ዝናቡ ሳይጀምር እወስድዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ይህን ስነግረው መስታወቱ ለረጅም ጊዜ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ሲሚንቶ ሲያወጣ ቆየ። እህቱን ከቀበረ ዓመት አልሞላውም። አሁን እናቱ ቤቱን ለቀው ሊሄዱ ነው፤ ቀን ደግሞ ምድጃውና እሳቸው ብቻ ሊሆኑ ነው። «እኔ ቤት የጎደለው ምንድነው?» አለ።

ነገሩን የፈታችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ያውም ተሳስታ። ልብስ ሰፊ የሚያየው ዘርፍ ነው። እማማ ወደ ሳሎኑ በር በቀረቡ ቁጥር የቀሚሳቸውን ዘርፍ በሁለት እጃቸው ሰብሰብ እንደሚያደርጉ አየች። «ቀሚሱ ረዝሞባቸው ነው፤ ይጠልፈኛል ብለው ፈርተው ነው» አለችና ያሏቸውን ቀሚሶች ሁሉ ሰብስባ አሳጠረች።

እማማ የመጀመሪያውን ሲለብሱ ቁርጭምጭሚታቸውን ቁልቁል አይተው «ምን ልታደርጊኝ ነው፣ ልታስጨፍሪኝ?» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ልብስ ሰፊዋ የሸሚዜን ኮሌታ ገልብጣ እየሰፋች ነው። እማማን ሻይ ፈልቷል ብላ ጠራቻቸው። መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። መሬት የማይደርሰውን ቀሚስ በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ቅልጥማቸው ሰበሰቡት፣ አንድ እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፣ አውራ ጣታቸው ወለሉን ሳይነካ መለሱት።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። አጭር ቀሚስ ሰብስቦ የሚቆም ሰው የት ነው የሚታየው? ወንዝ ዳር ነው።

«እማማ» አለች በቀስታ፤ «ውሃ ነው እንዴ የሚታይዎት?»

እማማ ቀና ብለው ተመለከቷት። «አንቺም ታዪዋለሽ?»

እማማ ቀሚሳቸውን ለቀቁ።

«ወለል መሆኑንማ አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ያውቃል፤ እግሬ ነው አልሰማ ያለኝ። መስኮቱ ውስጡ ይዋኛል። አንቺም ከነወንበርሽ ተዘቅዝቀሽ ውስጡ ነሽ። ምንጣፉን ሲዘረጉት ተንሳፈፈ። ዳር ዳሩን ደግሞ ቦይ ቆፍረውበታል።»

«የምን ቦይ?»

«ያ ጥቁሩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ ልንገር? ልጄ ጠዋት የሚያወራው ወለል፣ ማታ የሚያወራው ወለል። ልጄ ሆይ፣ ሥራህ ወንዝ ይመስለኛል ልበለው? ደግሞስ ጃጀች ብላችሁ ሐኪም ቤት ብትጎትቱኝስ? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እንደዚህኛው የሚስቅ ደግሞ አይቼ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፣ ወዲያው እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ እኔን ጠልተው መስሎኝ ነበር።»

«አንቺን?» አሉ እማማ ተገርመው። «በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የምውለው አንቺን ስጠብቅ አይደለም እንዴ? ብትሰጥሚ ማን ያወጣሻል?»

መስታወቱ ከሥራ ሲመጣ ጭቃው ቅንድቡ ላይ ደርቆ ነበር። ሚስቱ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። የሚያግዘው ሲያጣ ግን ሳቁን ተወና እናቱ የሚቆሙበት ቦታ ሄዶ ቆመ። ቁመቱን ለማስተካከል ጉልበቱን አጠፈ፣ ዓይኑን አጠበበ። እንደዚያ ተጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«እውነትም» አለ። «ከእግር እስከ ራስ ያሰጥማል።»

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ባለሕንፃ ወለሉን ለማየት ቀጠሮ ነበረው። ባለሕንፃው አዲስ ፎቅ የጨረሰ ሰው ነው፤ የዚያን ፎቅ ወለል ሁሉ የሚያበራ ሰው ይፈልጋል። እንደዚያ ያለ ሥራ የመስታወቱን ደጅ አንኳኩቶ አያውቅም። የሚያሳየው ወለል ደግሞ ይኸው ነው።

«ቅዳሜ ይይና እሑድ አደበዝዘዋለሁ» አለ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። በመስኮቱ ሰማዩ ይታያል፤ ደመናው እንደ ከረጢት ተንጠልጥሏል። መስታወቱ ቆቡን አውልቆ አናቱን አሸ። ከዚያ ወንበሮቹን ማውጣት ጀመረ።

የማብራት መንገድ እግሩ ያውቀዋል። ወደ ኋላ መሄድን ግን የት ይወቀው? ሰሙን አንስቶ አጠበና መካከለኛውን ድንጋይ ማሽኑ ላይ አስሮ ገባበት። ውሃው ሲደርቅ ሳሎኑ በሙሉ ክብ ክብ ምልክት ሆኖ ተገኘ፤ ሲያብረቀርቅ የማይታይ የማሽኑ ዱካ ሁሉ ወጥቶ ነበር። እማማ ከበሩ ላይ አንገታቸውን አስገብተው አዩና ወደ በረንዳቸው ተመለሱ።

«ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዝናብ እየጣለበት ነው አሉ።»

ማሽኑን አወጣው። በእጁ ያዘ። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ድንጋዩን ቀጥ ባለ መስመር እየሳበ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ መጣ። ሚስቱ ከኋላው በባልዲ ውሃ እያፈሰሰች ትከተለዋለች። «ይኸውልህ፣ ባሌ ተንበርክኮልኝ አያውቅም ስል ነበር» ትለኛለች። እሱ «ለአንቺ መሰለሽ?» ይላታል። ወለሉ ቀስ በቀስ እንደ ታጠበ የወንዝ ድንጋይ ሆነ። ጠጠሮቹ አሉ፣ ነጩ ነጭ ነው፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፤ መስኮቱ ግን ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ቡፌው ያለበትን ቦታ ብቻ አልነካውም። «ከባድ ነው» አለ። ያንን ቡፌ ብቻውን ሲያነሣው ስንት ጊዜ አይተነዋል።

ቀጥሎ ጥቁሩ መስመር ነው። በመቁረጫ ጠርዝ ጠርዙን በጥሶ፣ በመሮ ፈልፍሎ አወጣው። ዳር ዳሩ አሁን እውነተኛ ቦይ ሆነ። የሚሞላው ጠጠር ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ እንቁላል የመሰለ ነጭ አለ። ያ አረንጓዴው የለም። ድንጋዩ የሚመጣበት ቦታ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የነበረውንም በየሰው ቤት ስንጥቅ ጨርሶታል። ጣሳዎቹ መሐል ቁጭ አለ።

እኔ ያ ጠጠር የት እንዳለ አውቅ ነበር። ሳሎኑ የፈሰሰ ሰሞን ባለቤቴ የተረፈውን ወስዳ መስኮታችን ላይ ያሉትን የአበባ ማሰሮዎች አልብሳበት ነበር፣ ስታጠጣ አፈሩ መስኮቱ ላይ እንዳይረጭ። ቤቴ ሄድኩ። አበቦቹን መጀመሪያ አጠጣኋቸው። ከዚያ ጠጠሩን በማንኪያ እየጫርኩ ሰበሰብኩ፣ በሳህን አጠብኩት፣ በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጌ አመጣሁለት።

ክዳኑን ከፍቶ አየ። ከዘጋው በኋላ እንደገና ከፈተው።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከመስኮቱ።»

ጠጠሩን በጣቱ አማሰለው። «እህቴ ሌባ ነበረች» አለ።

«አንተው ነህ የሰጠሃት።»

«የሰጠኋት ግማሽ ጣሳ ነው። ይሄ ሙሉ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና ተነሣ።

የሠራውን ስህተት አሁን መናገር አለብኝ፣ ራሱ ለሁሉም ሰው ስለሚያወራው። ሲሚንቶውን በጥብጦ ናሙናውን ጣውላ ላይ አስቀመጠ። አየሩ እርጥበት አዝሏል፣ ናሙናው አልደርቅ አለ። ጣቱን ይነካበታል፣ ሰማዩን ያያል፣ ይነካበታል። በመጨረሻ «ዓይኔ ይበቃል» አለና እርጥቡን ከደረቀው ወለል ጋር አስተያይቶ «ልክ ነው» ብሎ ሞላው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲመክርበት የኖረውን ነገር ነው የረሳው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ጠንቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሲደርቅ መስመሩ ከወለሉ ነጣ ብሎ ቁጭ አለ። ሳሎኑን ዙሪያውን አመድ የነሰነሱበት ይመስላል።

መስታወቱ መሮውን አነሣ። «ላውጣው ነው።»

«ጠጠሩስ?» አለች ሚስቱ። «ሌላ ከየት ልታመጣ?»

መሮውን ይዞ እንደ ቆመ ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደቁ። ወዲያው ዶፉ ወረደ። እማማ በረንዳው ላይ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ሳቡ፤ ዝናቡ ግን በነፋስ እየተገፋ ተከተላቸው። በጓሮ ዞረው እንዳይገቡ ደጁ ሁሉ ውሃ ሆኗል። ተነሥተው ሳሎኑ በር ላይ ቆሙ። እኔ ቃሌን አስቤ ልብሳቸውን የት እንደማስቀምጥላቸው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ይሄ ነጩ ምንድነው?» አሉ።

«ስህተት ነው እማዬ» አለ መስታወቱ።

«ደረቅ ይመስላል።»

እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ያዙ። እግራቸውን አነሡና መስመሩ ላይ አሳረፉት። ቀሚሳቸውን አልነኩም። ሌላውን እግር አስከተሉ። ወለሉ ሲደርቅ የተመለሰው ወንበር ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ቀጥ ብለው ቢሄዱ ጥቂት እርምጃ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሱ መስመሩን ይዘው ዞሩ። ስዕሉን አለፉ፣ ቡፌው ጋ ሲደርሱ በእንጨቱ ላይ እጃቸውን አሳለፉና አቧራውን አይተው ልብስ ሰፊዋን ገላመጧት፣ መስኮቱን አለፉ። የስፌት መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። መካከለኛውን ወለል ለጥቂት ጊዜ አጠኑት። ከዚያ ከመስመሩ ወርደው ሁለት ጊዜ ተራመዱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

መስታወቱ መሮውን ከኋላው ደብቆ ቆሟል።

«ምን ትገተራላችሁ?» አሉ እማማ። «እዚህ ቤት ሻይ አይፈላም?»

ቅዳሜ ባለሕንፃው መጣ። ደግ ፊት ያለው፣ ጫማው ከሩቅ የሚያበራ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሳሎኑን ቃኘ። «የተባለው ወለል የታለ?» አለ።

መስታወቱ ወደ እኔ ዞረና በአገጩ ቡፌውን አሳየኝ። ሁለታችን ከዚህና ከዚያ ይዘን ፈቀቅ አደረግነው። ከሥሩ የአልጋ ያህል የሚሰፋ ወለል እንደ ኩሬ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ባለሕንፃው ሄዶ ላዩ ላይ ቆመና ቁልቁል ክራቫቱን አስተካከለ። «ታዲያ ሌላውን ምን ነካው?»

መስታወቱ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ነጣ ያለውን መስመርም ሳይደብቅ። ባለሕንፃው እየሳቀ ሰማና ሳሎኑን በእግሩ ለካው። ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ በድብዙ ላይ ተመላለሰ። «የእኔም እናት አሉ» አለ ቀስ ብሎ። «አምና ደረጃዬ ላይ አልወጣም ብለው ሲያስቸግሩኝ ጉልበታቸው መስሎኝ ነበር።» ከዚያ መግቢያው እንደ ቡፌው ሥር እንዲያበራ፣ ደረጃውና ኮሪደሩ እንደ ሳሎኑ እንዲሆን ተነጋገሩ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። መስታወቱ ናሙና የሚያደርቅበት ጊዜ እንዲሰጠው አጥብቆ ለመነ።

ባለሕንፃው ለመሄድ ከተነሣ በኋላ አላስችል አለውና ተመልሶ ቡፌው የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። ወዲያ ዘንበል፣ ወዲህ ዘንበል እያለ ራሱን ያያል።

እማማ ከወንበራቸው ሆነው ሲመለከቱት ቆዩና «የኔ ልጅ» አሉ በርኅራኄ፤ «ውጣ ከዚያ፣ ጫማህ ይረጥባል።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ ነክሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባለሕንፃው ቁልቁል አየ። ከዚያ፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ የሱሪውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገና አንድ እግሩን አነሣ።